ከአያት እስከ ሜክሲኮ በሐሳብ የምሰማው ጭብጨባ

ባቡር ውስጥ ጭልጥ አድርጎ ስለሚወስደኝ ሐሳብ እዚህ ገጽ ላይ ጥያቄ የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ መልሱ 34 ደርሷል። ብዙዎቻችሁ የመልሱ ክር ረዘመ፣ ማን ምን እንዳለ ጠፋን ስላላችሁ ከላይ እስከ ታች በራሴ አነጋገር ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ስምም አልጠራም፤ በመልሱ ቁጥር ነው የምሄደው።

መጀመሪያ እኔ የጠየቅኩት ይህን ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ በባቡር እመላለሳለሁ። መቀመጫ ባገኝም ባላገኝም ሲኤምሲን ሳናልፍ ሐሳብ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል። የሚወስደኝ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ወመዘክር አዳራሽ። መጽሐፌ እየተመረቀ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሻለሁ። ወንበር ያጣ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የመድረክ መሪው ስሜን ሲጠራ ጭብጨባው ይጀምራል። ንግግሬን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ የት ላይ ድምፄ እንደሚቆራረጥ ጭምር። ሁለት ጊዜ ሜክሲኮን አልፌ ልደታ ላይ ነው የነቃሁት።

መጽሐፉ ግን የለም። በ3 ዓመት የጻፍኩት ሁለት ምዕራፍ ነው። እናቴ በቁምሽ ትቃዣለሽ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያ የባቡር ሰዓት ባይኖር ቀኑን በምን ጉልበት እንደምገፋው አላውቅም። እና ጠየቅኩ። ይሄ ነገር ጤና ነው? ያበረታል ወይስ ያሰንፋል? ሌላው ሰውስ እንዲህ ያደርጋል?

1ኛው መልስ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ትሑት ሰው ነው። እህቴ ብሎ ጀመረና ምኞት እንደማይከለከል፣ እሱም ገላውን ሲታጠብ ለጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ እንደሚሰጥ ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ለመናገር በመድፈሬ አመሰገነኝ። ልቤ ቀለል አለ።

2ኛው ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ብቻ ጽፎ ሄደ። ሌላ ምንም የለም። ብዙ ሰው ወደደለት።

3ኛው በዚያ አልተስማማም። የአማርኛ መምህር ይመስለኛል። ተረቱ ላም የሚመኝን ሰው እንደማይነቅፍ አስረዳ። ነገሩ ያለው አለኝ የምትለው ቃል ላይ ነው። ሰውየው ላም እገዛለሁ ቢል ኖሮ ተረት አይተረትበትም ነበር። የሌለውን ነገር አለኝ ማለቱ ነው፣ ወተቱን የማያይላትን ላም እንደያዛት መቁጠሩ። 2ኛው ተመልሶ ተረት እንዲህ ሰዋስው እየተፈለገለት አይተረትም አለ። ትንሽ ተነካኩ። እኔ ግን 3ኛውን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ተረት እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

4ኛው ዲያቆን መሆኑን ገልጾ ገባ። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፣ የሚገሥጽ ሰው አይመስልም። አባቶች ከንቱ ውዳሴ የሚሉት ነገር ሰው ሲያወድሰን ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ፣ ውዳሴውን በሐሳባችን ስናጣጥመውም እንደሚጀምር ጻፈ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 መለከት እያስነፉ ምጽዋት የሚሰጡ ሰዎች ዋጋቸውን ተቀብለዋል መባሉን አስታወሰ። ከዚያ ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረው። ጭብጨባውን ባቡር ውስጥ ተቀብዬ ከጨረስኩ፣ ቤት ገብቼ ለመጻፍ ምን ምክንያት ይቀረኛል? ሰኞ ሌሊት ይቺን ይዤ ነው የተኛሁት።

በ5ኛው መልስ ነገሩ ወደ ሩጫ ዞረ። ሰውየው አርሲ ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ ክለብ ገብቶ የሮጠ ነው። ሕልም ባይኖር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አይኖርም ነበር ብሎ ተከራከረ። ኃይሌ ልጅ ሆኖ የምሩጽ ይፍጠርን ድል በሬዲዮ ሰምቷል፣ ሜዳ ያወጣውም ያ ድምፅ ነው አለ። እስከዚህ ማንም አልተቃወመውም። ድሉን የሙኒክ ማድረጉ ግን አስነሣበት።

6ኛው አረመው፣ ለዚያውም ዓመተ ምሕረት እየቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ምሩጽ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ነው ያገኘው። 5 ሺው ውድድር ላይ ሳይደርስ ቀረ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የአፍሪካ አገሮች አንሳተፍም ሲሉ ኢትዮጵያም ቀረች። ሁለቱ ወርቆች የመጡት በ1980 ሞስኮ ላይ ነው። 6ኛው ሌላም ጨመረ። ኃይሌ ሬዲዮውን ሰምቶ ቁጭ አላለም፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ደብተር ይይዝበት የነበረው ክንዱ ትልቅ ሰው ሆኖ ሲሮጥም ታጥፎ የሚታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሕልሙን ከመንገዱ ነጥለን አንቁጠር አለ።

5ኛው ስሕተቱን ተቀበለ፣ በአክብሮት። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ 8 ዓመት ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ያ ሰው ማታ ጋደም ሲል ጭብጨባውን ነበር የሚሰማው ወይስ የመጨረሻውን ዙር ነበር የሚሮጠው? ይህን ጽፌ ነበር። የመለሰልኝ የለም።

7ኛዋ ሳይኮሎጂ የተማረች ልጅ ናት። ክሩ ወደ ቁም ነገር የገባው በእሷ ነው ብል ማንንም አላሳንስም። ጋብርኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ይህንኑ የእኔን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ስታጠና እንደኖረች ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ አንድ ጥናቷ ክብደት ለመቀነስ የአንድ ዓመት ፕሮግራም የገቡ 25 ሴቶችን የተከታተለ ነው። ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት የተሻለ ቀነሱ። ቀጥነው ሰው ሲያደንቃቸው በዓይነ ልቦናቸው እያዩ የተደሰቱት ግን፣ እንዲያ በደስታ ካላሰቡት ጋር ሲነጻጸሩ በ11 ኪሎ ገደማ ያነሰ ነው የቀነሱት። ሌላው ጥናት ጀርመን አገር ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ይመለከታል። ጥሩ ሥራ ስለማግኘት አብዝተው በምናብ የተደሰቱት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ያስገቡት ማመልከቻ ትንሽ፣ የቀረበላቸው ሥራ ጥቂት፣ ደሞዛቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ልብ በሉ፣ ልጅቷ ተስፋ መጥፎ ነው አላለችም። ይሳካል ብሎ መጠበቅና ተሳክቶ እንደሆነ አድርጎ ማጣጣም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ነው ያለችው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ሰው እንዲህ ያለውን ጣፋጭ ሐሳብ ሲያስብ የደም ግፊቱ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ሰውነቱ ላላ ይላል። ለሥራ የሚነሣ ሰውነት እንዲህ አይደለም፤ ሥራ ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ 3ኛውንና 4ኛውን ጠቀሰች። መምህሩ አለኝ የምትለዋን ቃል ያነሣው፣ ዲያቆኑ ዋጋን ቀድሞ ስለ መቀበል የተናገረው፣ እሷም ቤተ ሙከራ ውስጥ የተለካውን ያመጣችው ስለ አንድ ነገር ነው አለች። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ከሦስት አቅጣጫ አንድ በር ላይ ሲገናኙ አየሁ።

8ኛው ይህን አልወደደውም። አነጋገሩ የሰላ ነው። የጀርመን ምሩቅ የሚያመለክትበት ቦታ ስላለው ነው ማመልከቻ የሚቆጠርለት አለ። እሱ በምሕንድስና ተመርቆ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ኖሯል። ማመልከቻውን ቢደረድሩት ቁመቱን እንደሚያህል፣ ስንፍና የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ ማታ ማታ ግን ትልቅ ድልድይ ሠርቶ ሪባን ሲቆርጥ እንደሚያስብ ጻፈ። ያቺን ሐሳብ ከፈረንጅ አገር ጥናት ጠቅሶ የሚወስድበት ሰው ምን ሊሰጠው እንደሆነ ጠየቀ። ያለ ቀረጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት ብሎ ጨረሰ።

7ኛዋ ዝም ብትል እመርጥ ነበር። ግን መለሰች፣ ትንሽ በመምህርነት ድምፅ። ጥናት የግል ታሪክ እንዳልሆነ ልታስረዳው ሞከረች። እሱ የባሰ ተቆጣ። እኔ በመሐል ገብቼ የሁለቱም ትክክል ነው ልል ነበር፤ ግን እውነት አይሆንም። የእሱ ሐዘን ጥናቱን አያፈርሰውም። ጥናቱም የተዘጋበትን በር አይከፍትለትም። ይህንኑ ጻፍኩ።

9ኛው ለማስታረቅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው በቀን ውስጥ ባልጠበቁት ሰዓት እየጠየቁ አሁን ሐሳባችሁ የት ነው ሲሉ፣ ከመልሶቹ 47 በመቶ ያህሉ ከያዙት ሥራ ሌላ ቦታ ነው የሚሉ ሆነው መገኘታቸውን አመጣ። ሐሳባቸው ደስ ወደሚል ነገር ሲሄድ እንኳ በያዙት ሥራ ላይ ካሉት ይበልጥ ደስተኛ አልነበሩም። 9ኛው ይህን የጻፈው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሊነግረኝ ነው። እኔን ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ከነከነኝ።

10ኛዋ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። መልሷን የጻፈችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ሥራ የሚያልቅላት ያን ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ሆናት። ሳህን ስታጥብ ሁልጊዜ የምታየው አንድ ነገር ነው። አገር ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እናቷ በአዲሱ ቤት በር ስትወጣ፣ ጎረቤት እልል ሲል። ይህ ባይኖር ራሷን እንደምታጣ ተናገረች። በሽታ የምትሉት እናንተ አልጋችሁ ላይ ስለምትተኙ ነው አለች። ቃሉ ከበደኝ፣ ግን ያስቀየመ አልመሰለኝም።

ከዚያ የጻፈችውን ግን ማንም ልብ አላለውም ነበር። የምታየው ቤት ባለ 60 ቆርቆሮ ነው። እስካሁን የ41 ቆርቆሮ ገንዘብ ልካለች። በሐሳቧ ጣሪያውን ቀና ብላ ስታይ 19ኙ የጎደለበት ቦታ ሰማይ ይታያታል። እልልታውን የምትሰማው ከዚያ ክፍት ጣሪያ ሥር ሆና ነው። ስትነቃ ይህን ወር ስንት እንደምትልክ ታውቃለች።

ይህን ሳነብ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። የእኔ አዳራሽ ግን ምንም አልጎደለውም። ሙሉ ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ሞልቷል። ቀዳዳ የለውም።

11፣ 12 እና 13 የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ናቸው። አንዱ የዛሬውን የመርካቶ ዋጋ ጻፈ፣ ሌላው አይደለም አለ፣ ሦስተኛው የባሕር ዛፍ አጠና ጨመረበት። ከርዕሱ ወጥተናል ብዬ ላስቆም ነበር። 10ኛዋ ግን አመስግና መዘገበችው። ተውኩት።

14ኛው የክሩን ድምፅ ለወጠው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ነበር ማለት ይሻላል። ጆሮው ላይ ሙዚቃ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት በሐሳብ ይኖራል። እዚያ ታዋቂ ነው። ሚስት አለችው፣ ጠላቶች አሉት፣ ንግግር ያደርጋል። ሰው ሲጠራው ይናደዳል። በዚህ የተነሣ አንድ ዓመት ትምህርት አመለጠው። የሚያፍረው ሐሳቡ ስለሚጥመው ነው፤ ቢያሠቃየው ኖሮ ለሰው መናገር በቀለለው። እኔ ከጻፍኩት ጋር አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

7ኛዋ ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ በጣም ለስለስ ብላ። ኤሊ ሶመር የሚባሉ የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ሁኔታ ለይተው ስም እንዳወጡለት ነገረችው። መንቆራጠጡና ሙዚቃው፣ የሰዓቱ ርዝመት፣ እፍረቱም ጭምር በብዙ ሰዎች ላይ የታየ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ገና ራሱን ችሎ አልገባም። የሚለየውም በሐሳቡ ጣፋጭነት አይደለም። ሐሳቡ ትምህርትህን፣ እንቅልፍህንና ጓደኛህን ከነጠቀህ፣ ልተወው ብለህም ካቃተህ፣ ብቻህን አትታገለው ነው ያለችው። ልጁ ስም እንዳለው በማወቁ ብቻ እንዳለቀሰ ጻፈ።

ከዚያ ጠብ ሆነ። አንዱ ጠበል ሂድ አለ። ሌላው ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፣ አማኑኤል ሆስፒታል ሂድ አለ። ሦስተኛው አማኑኤል የሚለውን ሲሰማ ልጁን እብድ ብለህ ሰደብከው ብሎ ተነሣ። አማኑኤል ስለተባለ ተሰደበ ብሎ የሚያስብ ሰው እስካለ ድረስ ስንቱ ክፍሉን ዘግቶ እንደሚኖር ሳስብ ያንገበግበኛል። ሕክምና ቦታ ስም ስድብ ሊሆን አይገባውም። ዲያቆኑ፣ 4ኛው፣ ጣልቃ ገብቶ ጠበልም ሐኪምም እንደማይጣሉ፣ እሱ ራሱ አንድ ዘመዱን ሁለቱም ጋ እንደወሰደ ተናገረ። ይህ የሆነው እስከ 18ኛው ድረስ ነው። ልጁ ቀጠሮ መያዙን በኋላ በውስጥ መስመር ነግሮኛል። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

አሁን ወደ 19ኛው ልምጣ። ሰውየው ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ትልቅ ሰው ነው። አገር ቤት መምህር ነበር። ሌሊት መኪና በማይመጣበት ሰዓት በዚያች ትንሽ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያስባል። የሚያየው ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ነው፤ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠርቷል፣ ሰልፍ ላይ ያሉት ልጆች ያጨበጭባሉ። ለ14 ዓመት ያው ነው። አንድ ሌሊት ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ልጆቹን እያየ አይደለም የሚናገረው። ከፊት አንድ ወንበር አለ፣ አባቱ ተቀምጠውበታል። አባቱ ከሞቱ 9 ዓመት አልፏል። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ጎበዝ ብለውት አያውቁም። መጥፎ አባት አልነበሩም፣ አበሉት፣ አስተማሩት፣ ቃሉን ግን አላወጡትም። እዚያ ትምህርት ቤት ለ14 ዓመት የተመላለሰው ያቺን ቃል ፍለጋ ነው።

ከዚያ ሁላችንንም አንድ ጥያቄ ጠየቀን። እናንተስ አዳራሽ ውስጥ ከፊት የተቀመጠው ማን ነው?

ለግማሽ ቀን ክሩ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። 20ኛዋ የቀድሞ ባሏን ጻፈች። 21ኛው ታላቅ ወንድሙን። 1ኛው፣ ያ ትሑቱ ሰው፣ ጋዜጠኛው ሲጠይቀው ከካሜራው ኋላ የማትሪክ ውጤቱን አይቶ የሳቀው አጎቱ እንደሚቆም አስታወሰ። 22ኛው ሁሉን ነገር ወደ አባትና እናት አትውሰዱት፣ እኔ የምፈልገው መኪና ብቻ ነው አለ። 23ኛዋ መኪናው ውስጥ ማን አብሮህ ተቀምጧል ብላ ጠየቀችው። እስካሁን አልመለሰም።

እኔም አየሁ። ለማየት አዲስ ነገር አላስፈለገኝም፤ ሁልጊዜም እዚያ ነበር። 7ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ድርሰት ጻፍኩ። መምህሩ ደብተሬን ይዞ ክፍሉ ፊት አቆመኝና ማን ጻፈልሽ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ላይ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬን እንደ ማመን ቆጠረውና ዜሮ ሰጠኝ። በወመዘክር አዳራሽ ከፊት፣ በስተቀኝ፣ እጁን አጣምሮ የሚቀመጠው እሱ ነው። ያ በቃሌ የማውቀው ንግግር፣ ድምፄ የሚቆራረጥበት ቦታ ሳይቀር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት ነው። ሌላ ምንም አይልም። ይህን 24ኛ አድርጌ ለጠፍኩት።

25ኛው ምሕረት አልነበረውም። ታሪኩ እንዳሳዘነው እንኳ ሳይናገር፣ በ3 ዓመት ሁለት ምዕራፍ የጻፈ ሰው መጻፍ አይወድም፣ የሚወደው መድረኩን ነው አለ። መምህሩን ሰበብ አድርጌ ሌላ 20 ዓመት ልኖር እንደምችል ነገረኝ። ወይ ጻፊ ወይ ተዪው፣ የሰው ጊዜ አታባክኚ።

በቁጣ መለስኩለት። 26ኛው የእኔ ነው፣ አነጋገሬ ልክ አልነበረም፣ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በ27 እና በ28 ሰዎች ስለ እኔ ተነሥተው ወቀሱት። የገረመኝ 8ኛው ነው፤ ያ ኮብልስቶን ያነጠፈው ልጅ። ማንንም ሳይሳደብ 25ኛው ያለው ግማሹ እውነት ነው አለ። ሰው ሁለት ምዕራፍ የሚጽፈው መጻፍ ስለማይወድ ላይሆን ይችላል፣ እጁን የሚይዘው ነገር ስላለ ይሆናል፤ ግን እጁን ማስለቀቅ ያለበት ራሱ ነው አለ። እሱም ከተቆጣ በኋላ አስቦበት፣ የድልድዩን ሪባን ትቶ ለአንድ ትንሽ የእግረኛ ድልድይ ስሌቱን በወረቀት መሥራት እንደጀመረ ነገረን። ማንም አላዘዘውም። ሰፈራቸው ጎርፍ የሚያስቸግረው ቦታ አለ።

29ኛው የ7ኛዋ የመጨረሻ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለ ተደረገ ጥናት ጻፈች። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ነበሩ። ገሚሶቹ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ጥሩ ውጤት አግኝተው ሲደሰቱ እንዲያስቡ ተደረገ። ገሚሶቹ ደግሞ ወንበር ስበው፣ ደብተር ከፍተው፣ ሲያጠኑ እንዲያስቡ። የተሻለ ያጠኑትም የተሻለ ውጤት ያመጡትም ጥናቱን ያሰቡት ናቸው። ኦቲንገንም ሕልሙን አትጣሉት ትላለች፤ ምኞትህን አስብ፣ ሲሳካ የሚሆነውን አስብ፣ ከዚያ ወዲያው በውስጥህ ያለውን እንቅፋት ተመልከት፣ እንቅፋቱ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ አስቀድመህ ወስን። 7ኛዋ የሪያዷን እህት ጠቅሳ፣ ማንም ሳያስተምራት በ19 ቆርቆሮ ጉድለት ይህንኑ ስታደርግ ነው የኖረችው አለች።

የእኔ እንቅፋት ጊዜ ማጣት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ብዕር ስይዝ ያ ድምፅ ማን ጻፈልሽ ይለኛል። ከፊት ወንበር ላይ ያለውና እጄን የያዘው አንድ ሰው ነው። እና ወሰንኩ። ድምፁ ሲመጣ ደብተሩን አልዘጋም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ አራት ቀን አልሞላም፣ ትልቅ ነገር አደረግኩ አልልም።

30ኛው በ21 ቀን ስኬታማ የሚያደርግ ሥልጠና አስተዋወቀ፣ ክፍያውንም ጻፈ። 31 እና 32 ተቆጡት። ትክክል ናቸው፤ የሰውን ምኞት ለራሱ መልሶ በገንዘብ መሸጥ ያናድዳል።

33ኛዋ እንደገና ሪያድ ናት፣ እንደገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። መጽሐፉ ስለምን ነው?

ወደ ላይ ተመልሼ ክሩን አየሁት። በ32 መልስ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በአዳራሹም ውስጥ ጠይቆኝ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ስንት ጊዜ አስመርቄዋለሁ፣ አንድ ቀን ገልጬ አንብቤ አላውቅም። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ነው የሚቀመጠው።

መለስኩላት። ስለ አክስቴ ነው። በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተማረች። ከዚያ ለሰፈሩ እናቶች ግንባር ላሉ ልጆቻቸው ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። እናቶቹ እያለቀሱ የሚሏትን ሁሉ አትጽፍም። ጤና ነኝ፣ ላሟ ወልዳለች፣ አታስብ ትላለች። አንዳንዷ ቤት ላሟ ራሷ የለችም።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ 34ኛው መጣ፣ ከእሷው። የልጆቹን መልስ ደብዳቤ ለእናቶቹ የምታነበውም አክስትሽ ነበረች ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ፣ እሷ ነበረች። ታዲያ ስታነብላቸው የተጻፈውን ነበር የምታነበው?

ይህን አላውቅም። አክስቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ እሑድ እደውልላታለሁ።